የዛገ ቧንቧ የበጀት ጉዳይ ነው ወይስ የፍትህ? (መነሻ ጽሑፍና 27 ምላሾች)

ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ምላሾቹ በርክተው አዲስ የሚገቡ ተሳታፊዎች ከላይ ጀምሮ ማንበብ ሲታክታቸው፣ አወያዩ የተባለውን በቅደም ተከተል እንዳሰባስበው ስለጠየቁኝ በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስፍሬዋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

መነሻ ጽሑፍ። ለብዙ ዓመታት የውሃ መስመር ዝርጋታ በጀት ሳዘጋጅ የኖርኩ ሰው ነኝ። በድሃ መንደሮች የሚታየው የውሃ ችግር ሦስት ምክንያቶች ብቻ እንዳሉት ጻፍኩ፤ እነርሱም የመስመር እርጅና፣ የገንዘብ እጥረትና የባለሙያ ማነስ ናቸው። ቧንቧ ሀብታምና ድሃ ለይቶ አይዝግም፤ ስለዚህ የብክለት ጉዳት በድሃና ሰሚ በሌለው ሕዝብ ላይ እንዳይጫን የሚጠይቀው የአካባቢ ፍትህ የሚለው አነጋገር ቁጣ ይጨምር እንደሆነ እንጂ አንድ ሜትር ቱቦ እንኳ አያስቀይርም አልኩ። በመጨረሻም ገንዘቡም ዕውቀቱም በእጅ እያለ፣ ሰሚ በማጣታቸው ብቻ የተበከለ ውሃ የጠጡ ሰዎችን አንድ ምሳሌ የሚያሳየኝ ካለ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁ። ጥያቄው ምላሽ የማይገኝለት ይመስለኝ ነበር።

1ኛ ምላሽ። አንድ የውሃ መሐንዲስ በትህትና ተቀብለውኝ ሐሳቤን በሙያቸው አጠናከሩልኝ። ውሃ ከማጣሪያ ጣቢያ ንጹሕ ሆኖ ቢወጣም በመንገድ ላይ እንደሚደክም አስረዱ፤ ክሎሪኑ ከዛገው የቱቦ ግድግዳ ጋር እየተዋሐደ ያልቃል፣ ግፊቱም ይወርዳል፣ ከመስመሩ ጫፍ የሚደርሰው ደግሞ ረጅም ጊዜ ተኝቶ የቆየው ውሃ ነው። አቅርቦቱ በፈረቃ በሆነበት ቦታ ቱቦው ባዶ በሆነ ቁጥር በስንጥቆቹ በኩል በዙሪያው ካለው አፈር የፍሳሽ እርጥበት ሳይቀር ወደ ውስጥ ይስባል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የማንም ክፋት እንደሌለና ነገሩ የፊዚክስ ሕግ ብቻ እንደሆነ ገልጸው አበቁ።

2ኛ ምላሽ። አንድ መስመር ብቻ ነበር። ጸሐፊዋ በመስመሩ ጫፍ ላይ ሁልጊዜ የሚሰፍረው ማን እንደሆነ ጠይቀው ሄዱ። እኔም መሐንዲሱም አልመለስንላቸውም።

3ኛ ምላሽ። አንድ ተሳታፊ የአካባቢ ፍትህ የሚለውን አይተው ጉዳዩ የሰፈር ዳኝነት መስሏቸው ኖሮ፣ የጎረቤታቸው የዝናብ ውሃ ማስወገጃ ወደ ግቢያቸው ስለሚለቀቅ አቤቱታቸውን ለየትኛው ፍርድ ቤት ማቅረብ እንደሚችሉ ጠየቁ። በእርግጥ ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፤ በቋንቋችን አካባቢ የሚለው ቃል ሰፈርንም፣ አየርና ውሃና አፈርንም ይጠራል።

4ኛ ምላሽ። የሕግ ትምህርት እንዳላቸው የገለጹ እህት ስህተቱን በጨዋነት ካረሙ በኋላ የቃሉን ታሪክ አስከተሉ። በ1982 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ አብዛኛው ነዋሪ ጥቁርና ድሃ በሆነበት ዋረን ካውንቲ፣ ፒሲቢ በተባለ መርዛማ ኬሚካል የተበከለ አፈር እንዲቀበር ሲወሰን ነዋሪዎቹ ጭነት መኪናዎቹ ፊት መንገድ ላይ ተኙ፤ በሳምንታት ውስጥ ከ500 በላይ ሰዎች ታሰሩ። አፈሩ ከመቀበር አልዳነም። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን የተባበሩት የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የዘር ፍትህ ኮሚሽን ባሳተመው ጥናት፣ አደገኛ የቆሻሻ መጣያ የት እንደሚገኝ ከገቢ መጠን ይልቅ የነዋሪው ዘር በተሻለ እንደሚያመለክት አረጋገጠ። እኚህ እህት 3ኛውን ምላሽ የጻፉትን ሰው በአንድ ነገር ደገፏቸው፤ የሰፈርና የተፈጥሮ አካባቢ ስም አንድ መሆኑ ለዚህ ጉዳይ እንከን ሳይሆን ጥቅም እንደሆነ ነገሯቸው። እኔ በዚያን ጊዜ ይህን እንደ ቃላት ጨዋታ ቆጥሬ አልፌዋለሁ።

5ኛ እና 6ኛ ምላሽ። አንዱ የሥነ ምኅዳር ፍትህ ብንል ይሻላል የሚል የትርጉም ክርክር ጀመሩ፤ ሌላው ሰዎች በውሃ ጥም እየሞቱ ስለ ቃል መከራከራችን እንዳሳፈራቸው ገልጸው ክርክሩን ዘጉት።

7ኛ ምላሽ። የጠየቅሁት ምሳሌ እዚህ መጣ፤ ክሩም ከዚህ በኋላ ወደ ሌላ መልክ ተለወጠ። ጸሐፊው የሚቺጋን ግዛቷን የፍሊንት ከተማ ታሪክ በዝርዝር አቀረቡ። ወደ 100,000 ሰው የሚኖርባት፣ አብዛኛው ነዋሪዋ ጥቁር የሆነና 40 በመቶ ገደማው በድህነት የሚኖርባት ይህች ከተማ፣ ግዛቱ በሾመው የአስቸኳይ ጊዜ አስተዳዳሪ ትመራ ነበር። በሚያዝያ 2014 ወጪ ለመቀነስ ሲባል ከዲትሮይት ይመጣ የነበረው የሂውሮን ሐይቅ ውሃ ተቋርጦ የፍሊንት ወንዝ ውሃ ተለቀቀ። ነዋሪዎች ውሃው ቀለሙና ሽታው እንደተለወጠ፣ ቆዳቸውን እንደሚያሳክካቸው፣ ፀጉራቸው እንደሚረግፍ ተናገሩ፤ በጠርሙስ ቀድተው ወደ ስብሰባ አዳራሽ አመጡት። ውሃው ደህና እንደሆነ ተነገራቸው። በጥቅምት 2014 የጄኔራል ሞተርስ የሞተር ፋብሪካ ውሃው የብረት ዕቃ እያዛገበት መሆኑን ሲያመለክት ግን ወደ ሌላ ምንጭ እንዲዛወር ተፈቀደለት። በጥር 2015 ደግሞ በከተማዋ በሚገኘው የግዛቱ መንግሥት ሕንፃ ውስጥ ለሚሠሩ ሠራተኞች የታሸገ ውሃ መቅጃ ተተከለ፤ ከሕንፃው ውጭ ላለው ሕዝብ የሚነገረው ቃል ግን አልተለወጠም። ወደ ቀድሞው ምንጭ የተመለሱት በጥቅምት 2015 ነው፤ ይኸውም ከ18 ወር በኋላ።

8ኛ ምላሽ። 1ኛውን የጻፉት መሐንዲስ ተመልሰው አንድ እርማት አቀረቡ። ከ7ኛው ምላሽ ተነሥተው በከተማዋ የቧንቧ ውሃ ውስጥ የተገኘውን እርሳስ የተባለ መርዛማ ብረት ወንዙ ራሱ ያመጣው የሚመስላቸው አንባቢዎች እንዳይኖሩ ፈርተው ነው። እርሳሱ የነበረው ከዋናው መስመር ወደ ቤት በሚገባው ቅጥያ ቱቦ፣ በብየዳውና በነሐስ መገጣጠሚያው ውስጥ ነው። የዲትሮይት ውሃ ኦርቶፎስፌት የተባለ ውሁድ ስለሚጨመርበት በቱቦው ውስጥ እንደ ቅርፊት ያለ መከላከያ ይሠራል። የወንዙ ውሃ ክሎራይድ የበዛበትና ብረት የሚበላ ሆኖ ሳለ ውሁዱ አልተጨመረበትም፤ ስለዚህ ቅርፊቱ ተፈረፈረ፣ እርሳሱም ወደ ብርጭቆ ወረደ። ውሁዱን ለመጨመር በቀን መቶ ዶላር ገደማ ይበቃ እንደነበር ሲጽፉ፣ በመጀመሪያው ምላሻቸው ላይ የነበረው እርጋታ አልነበራቸውም።

9ኛ ምላሽ። በአንድ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ስለ ልጆቹ ብቻ አነሣች። የፍሊንት የሕፃናት ሐኪም ዶክተር ሞና ሐና-አቲሻ ባሳተሙት ጥናት በደማቸው ውስጥ ከፍ ያለ እርሳስ የተገኘባቸው የፍሊንት ሕፃናት ድርሻ ከ2.4 ወደ 4.9 በመቶ አድጓል። እርሳስ ለሕፃን አእምሮ ጉዳት የማያደርስበት መጠን እንደሌለም አስታወሰች። በዚያው ወቅት ሌጂዮኔላ በተባለ ባክቴሪያ ምክንያት ቢያንስ 12 ሰዎች በሳንባ ምች ሞተዋል፤ ይህን የጨመረችው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

10ኛ ምላሽ። አንድ ተቃዋሚ ከእኔ ጎን ቆሙ። ነጮች በሚኖሩባትና ድሃ ባልሆነችው በካናዳዋ ዎከርተን በግንቦት 2000 ኢ ኮላይ በተባለ ባክቴሪያ የተበከለ ውሃ 7 ሰዎችን ገድሎ ከ2,000 በላይ ማሳመሙን፣ በ1993 ደግሞ በአሜሪካዋ ሚልዋኪ 400,000 ያህል ሰዎች ክሪፕቶስፖሪዲየም በተባለ ጥገኛ ተሕዋስ መታመማቸውን ጠቅሰው፣ ቸልተኝነት ዘር እንደማይመርጥ ተከራከሩ። እውነት ነው፤ በጊዜው በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

11ኛ ምላሽ። ደስታዬ አልቆየም። 2ኛውን ምላሽ የጻፉት እህት ተመልሰው ሁለቱን ጉዳዮች በአንድ ሚዛን አስቀመጧቸው። በዎከርተን ጉዳዩ ወዲያው በዳኛ የሚመራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞለት በ2002 ሪፖርቱ ወጣ፣ የግዛቱም የውሃ ሕግ ተለወጠ። በዚያው በኦንታርዮ ግዛት የሚገኘው የነባር ሕዝቦች ማኅበረሰብ ኔስካንታጋ ግን ውሃውን ሳያፈላ እንዳይጠጣ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው በ1995 ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላም አልተነሣለትም። ስለዚህ ቧንቧ የትም እንደሚበላሽ እንደሚስማሙ፣ የፍትህ ጥያቄ የሚጀምረው ግን ከተበላሸ በኋላ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ሲቆጠር እንደሆነ ጻፉ። ከዚህ ክር አንድ ምላሽ ብቻ የማስቀር ቢሆን ይህንን አስቀር ነበር።

12ኛ እና 13ኛ ምላሽ። እዚህ ላይ አንቱታው ቀረ። የ10ኛው ጸሐፊ እህታችንን በአንቺ እየጠሩ ስሜትን በመረጃ ስም ታቀርቢያለሽ የሚል ይዘት ያለው ነገር ጻፉ፤ ሌላ ሰው ደግሞ በአንተ መልሶ ያልተበከለ ውሃ የሚጠጣ ሰው ስለ ሌላው ጥም መሟገት እንደማይገባው ነገራቸው። ሁለቱም ምላሾች በከፊል ተሰርዘዋል።

14ኛ ምላሽ። አወያዩ ተሳታፊዎች ወደ ጉዳዩ እንዲመለሱ፣ ካልተመለሱ ክሩ እንደሚዘጋ አሳሰቡ።

15ኛ ምላሽ። የውሃ ናሙና የሚመረምር የላቦራቶሪ ባለሙያ ገባ። ረጅም ነበር፤ ማሳጠር ግን አልፈለግሁም። እርሳስ የሚለካው በቱቦ ውስጥ ቢያንስ 6 ሰዓት ከተኛ ውሃ፣ ቧንቧው እንደተከፈተ የሚወጣውን የመጀመሪያ ሊትር በመቅዳት ነው። አሠራሩ ቀላል ቢመስልም ቁጥሩን ዝቅ የሚያደርጉ ብዙ መንገዶች አሉት፤ ነዋሪው ማታ ከመተኛቱ በፊት ቧንቧውን ለደቂቃዎች ከፍቶ እንዲያፈስስ ይነገረዋል፣ በቧንቧው አፍ ላይ ያለችው ወንፊት እንድትወልቅ ይደረጋል፣ ወይም ውሃው በቀጭኑ እንዲቀዳ ጠባብ አፍ ያለው ጠርሙስ ይሰጠዋል። ሦስቱም ተንኮል ሳይመስሉ ሊፈጸሙ ይችላሉ፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንዳይደረጉ በጽሑፍ ያሳሰበው በየካቲት 2016፣ ማለትም ከፍሊንት በኋላ ነው። ከዚያም የአሜሪካ ደንብ አንድ ቤት እንኳ እንዳይበከል እንደማይጠይቅ አብራራ፤ ከአሥር ናሙና ዘጠኙ ከ15 ማይክሮግራም በሊትር ካልበለጠ፣ አሥረኛው የፈለገውን ያህል ቢሆን ከተማው እንዳለፈ ይቆጠራል። በፍሊንት በ2015 የመጀመሪያ ስድስት ወራት ከተሰበሰቡት 71 ናሙናዎች ሁለቱ ከሒሳቡ እንዲወጡ ተደረገ፤ አንዱ ቤቱ ማጣሪያ ስላለው፣ ሌላው መኖሪያ ቤት ስላልሆነ። ሁለቱ ባይወጡ ኖሮ ውጤቱ 18 ይሆን ነበር፤ ሲወጡ 11 ሆነ። ከሁለቱ አንዱ ሊያን ዋልተርስ የተባለችው የአራት ልጆች እናት ቤት ናሙና ነበር፣ 104 ማይክሮግራም ያሳየው። የቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቆይተው ከዚያው ቤት በወሰዱት አንድ ናሙና ላይ 13,200 አግኝተዋል፤ 5,000 ሲደርስ እኮ በአደገኛ ቆሻሻነት ይመደባል። ባለሙያው በመጨረሻ ለእኔ ጥያቄ መልስ እንዳለው ጻፈ፤ በፍሊንት ገንዘቡም፣ ኬሚካሉም፣ መሐንዲሱም ነበሩ፣ ያልነበረው የነዋሪውን ቃል እንደ መረጃ የሚቆጥር ሰው ነው።

16ኛ ምላሽ። በጎ ሐሳብም ሰው እንደሚመርዝ የሚያሳይ ሌላ ታሪክ ቀረበ። በባንግላዴሽ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሕዝቡ ከኩሬ ውሃ በሽታ እንዲድን በዩኒሴፍ ድጋፍ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የቱቦ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ በመሬቱ ውስጥ አርሴኒክ እንዳለ የታወቀው ግን በ1993 ነው። ጉድጓዶቹ ተመርምረው አደገኞቹ ቀይ፣ ደህናዎቹ አረንጓዴ ተቀቡ። ጸሐፊው ይህ ከፍትህ ይልቅ የዕውቀት ማነስ እንደሆነ ሲናገሩ ለአፍታ ወደ እኔ ሐሳብ የተመለሱ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን መፍትሔ ሆነው የመጡት ጥልቅ ጉድጓዶች በብዙ ቦታ ተሰሚነት ባላቸው ሰዎች ደጃፍ እየተቆፈሩ፣ ድሃው ከቀዩ እንደቀዳ መቅረቱን አስከተሉ።

17ኛ፣ 18ኛና 19ኛ ምላሽ። ነገሩ ወደ ማፍላት ዞረ። አንዱ ሁሉም ሰው ውሃውን ቢያፈላ ይህ ሁሉ ክርክር እንደማያስፈልግ ጻፉ፤ ነርሷ ማፍላት ተሕዋስያንን እንጂ እርሳስን፣ አርሴኒክንም ሆነ ፍሎራይድን እንደማያጠፋ፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይበልጥ እንደሚከማች አስረዳች። ሦስተኛው ስለ ፕላስቲክ ጠርሙስ ብክለት ብዙ ጻፉ፤ ትክክል ነበሩ፣ ነገር ግን የዚህ ክር ጉዳይ አልነበረም።

20ኛ ምላሽ። መሐንዲሱ ለሦስተኛ ጊዜ ተመለሱ፤ አሁን ስለ ባለቤትነት። ዋናው መስመር የድርጅቱ፣ ከዋናው ወደ ቤት የሚገባው ቅጥያ ደግሞ በከፊል የባለንብረቱ ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ እርሳሱ ያለበት ያው ቁራጭ ባለቤት አልባ ይሆናል። ድርጅቱ የራሱን ግማሽ ብቻ ቆርጦ ሲቀይር የተረበሸው ቀሪ ቱቦ ለጊዜው ከበፊቱ የበለጠ እርሳስ ሊለቅ ይችላል። ተከራይ ደግሞ ውሃውን እየጠጣ ቱቦውን ለማስቀየር የመፍቀድ ሥልጣን የለውም። የኒው ጀርሲዋ ኒውአርክ ከ2019 ጀምሮ ከባለንብረቱ አንድ ሳንቲም ሳትጠይቅ፣ ባለንብረቱ ባይገኝ እንኳ በነዋሪው ፈቃድ መግባት የሚያስችል ደንብ አውጥታ 23,000 ያህል ቱቦዎችን በሦስት ዓመት ገደማ መቀየሯን ጠቀሱ። ሥራውን ያፋጠነው የማሽን ብዛት ሳይሆን ያ ደንብ እንደነበረም አልሸሸጉም።

21ኛ ምላሽ። ይህ የእኔ ነው። ለሳምንት ያህል ዝም ካልኩ በኋላ የጻፍኩት ሲሆን፣ የመነሻ ጽሑፌን አንድ ክፍል ሰርዤበታለሁ። በሥራ ዘመኔ የትኛው መንደር መስመሩ ቀድሞ እንደሚታደስ የምንወስነው በነጥብ ነበር፤ ነጥቡ ከሚሰጥባቸው ዓምዶች አንዱ የቅሬታ ብዛት ነው። ቅሬታ የሚመዘገበው በደንበኛ ቁጥር፣ የደንበኛ ቁጥር የሚሰጠውም ቆጣሪ ላለው ነው። ስለዚህ ሃያ ቤተሰብ ከአንድ ቆጣሪ እየቀዳ የሚኖርበት ሰፈር ቢበዛ የአንድ ሰው ቅሬታ ይኖረዋል፤ ከጎረቤት እየገዛ የሚጠጣው ደግሞ በሰነዳችን ላይ አንድም ቅሬታ የለውም። ቅሬታ የሌለው መንደር በሰንጠረዡ ላይ ደህና መንደር ነው። ያን ዓምድ እኔ ራሴ ለዓመታት ሞልቼዋለሁ፤ ዜሮ ስጽፍ እጄ አልተንቀጠቀጠም፣ ምክንያቱም ዜሮው እውነተኛ ቁጥር ነበር።

22ኛ ምላሽ። አንድ ሰው ይህን ኑዛዜ ከጡረታ በኋላ የመጣ ርካሽ ጸጸት አድርገው ቆጠሩት፤ ያኔ ያልተናገረ ዛሬ ቢጽፍ ለማን እንደሚጠቅም ጠየቁ። የምመልሰው አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም።

23ኛ ምላሽ። የሕግ ባለሙያዋ እህት ነገሩን ለማብረድ ይሁን አይሁን ወደ ሕግ ወሰዱት። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በሐምሌ 2010 ንጹሕ ውሃን ሰብዓዊ መብት ብሎ ያጸደቀው በ122 ድጋፍ ሲሆን፣ የተቃወመ አገር ባይኖርም ከ40 የሚበልጡት ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል። በአሜሪካ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ውሳኔያቸው በድሆችና በአናሳዎች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት እንዲመረምሩ ያዘዘው የ1994ቱ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ በጥር 2025 ተሽሯል። እንዲህ ያለ መብት በፊርማ መጥቶ በፊርማ እንደሚሄድ ሲጽፉ ምሬታቸው ግልጽ ነበር።

24ኛ ምላሽ። ከዚሁ ጋር የተያያዘ አጭር ጽሑፍ ነው። በአላባማ ሎውንደስ ካውንቲ፣ መሬቱ ውሃ የማያሰርግ ሸክላ በመሆኑ የቤት ፍሳሽ ግቢ ውስጥ ይተኛል፤ ችግሩን ለመፍታት በግንቦት 2023 ከፌዴራሉ የፍትህ ሚኒስቴር ጋር የተደረገው ስምምነት በሚያዝያ 2025 ተቋርጧል።

25ኛ ምላሽ። የ10ኛው ጸሐፊ ተመልሰው እህታችንን ይቅርታ ጠየቁ፤ አንቱታውም ተመለሰ። አቋማቸውን ግን አልለወጡም፤ አንድ የውሃ ድርጅት ከደንበኞቹ በሚሰበስበው ብቻ የሚተዳደር ከሆነ፣ ሕዝቡ እየለቀቀ የሄደባት ከተማ ቱቦዋን መቼም መጠገን እንደማትችል፣ ይህም ማንም ሰው ባይጠላት እንኳ እውነት እንደሆነ ገለጹ። ፍሊንት ራሷ በ1960 ገደማ የነበራትን ሕዝብ ግማሽ ያህል አጥታ ያንኑ የቱቦ መረብ ይዛ ቀርታለች። ይህ ክርክር ከብዙዎቹ ይልቅ ጠንካራ ስለሆነ በትክክል የመለሰለት ሰው አላየሁም።

26ኛ ምላሽ። የላቦራቶሪ ባለሙያው በቀጥታ ለእኔ ጻፈ። በ21ኛው ምላሽ የጠቀስኩት የቅሬታ ዓምድ ዛሬም በነጥብ መስጫው ውስጥ እንዳለ ማወቅ ፈልጎ ነው።

27ኛ ምላሽ። አንድ የቀድሞ ባልደረባዬን ጠይቄ የመለስኩት ነው። ዓምዱ አለ። አሁን ቅሬታ በስልክም ይቀበላሉ፤ ስልኩን የሚያነሣው ሠራተኛ በመጀመሪያ የሚጠይቀው የደንበኛ ቁጥር ነው።